«ምን ጎድሎባት ነው?» አትበሉ

የአእምሮ ጤና ባለሙያ ነኝ። ሥራዬን የሰማ ሰው ሁሉ ስለ ድባቴ (ዲፕሬሽን) የሚያውቀውን ያስተምረኛል። የሚገርመው ሁሉም የሚያስተምረኝ ያንኑ ነው።

«ብርቅ በሽታ ነው።» አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው መረጃ 280 ሚሊዮን ያህል ሰው ድባቴ አለበት። ከአዋቂዎች 5 በመቶ፣ ማለትም ከሃያ ሰው አንዱ መሆኑ ነው።

«የሀብታም ቅብጠት ነው።» ድህነት፣ ሥራ ማጣትና ጦርነት ድባቴን ያባብሳሉ እንጂ አያድኑም። ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ግን ከታማሚዎቹ ከ75 በመቶ በላይ ሕክምና አያገኙም። ስለዚህ ሐኪም ቤት የምታዩት አቅም ያለውን ነው።

«የወጣት ነገር ነው።» ዕድሜያቸው ከ60 በላይ በሆኑትም ላይ በብዛት ይታያል። አዛውንት ሲቆዝሙ «እርጅና ነው» ተብሎ ይታለፋል እንጂ።

«ይስቃል እኮ!» ድባቴ ያለበትም ሰው ይስቃል፣ አዎ። ሥራም ይገባል።

አሁን ትዕግሥቴን ወደሚጨርሰው ልምጣ። «ምን ጎድሎባት ነው?»

አንዲት አራስ ባሏና አክስቷ ይዘዋት መጡ። ልጁ ጤነኛ ነው፣ ባሏም ደግ ሰው ነው። ልጁ ሲያለቅስ ታጠባዋለች፣ ዳይፐሩን ትቀይራለች፤ ፊቷ ላይ ግን ምንም አይነበብም። ልጁ ቢተኛላትም እሷ አትተኛም። ገና አንድ ጥያቄ ሳልጠይቅ አክስቷ «ኧረ እሷ ምን ጎድሎባት!» አሉ። ልጅቷ አንገቷን ደፋች። ሁለቱንም ውጪ እንዲጠብቁን ለመንኳቸው። በሩ እንደተዘጋ እንባዋ ወረደ። «እውነታቸውን ነው፤ ምንም አልጎደለብኝም። እኔ ነኝ ክፉዋ» አለችኝ።

አያችሁ? ራስን መውቀስ ከድባቴ ምልክቶች አንዱ ነው። ያ ጥያቄ ደግሞ ለወቀሳው ማስረጃ ያቀብላል። ከነፍሰ ጡሮችና ከአራሶች ከ10 በመቶ በላይ የሚሆኑት ድባቴ ያገኛቸዋል፤ ሁሉም ሰው «እንኳን ደስ አለሽ» በሚልበት ሰሞን።

ድባቴ የንብረት ቆጠራ አይደለም። በዘር የሚመጣ ተጋላጭነት አለ። የሆርሞን ለውጥ፣ እንቅልፍ ማጣት፣ የልጅነት ጉዳት፣ የታይሮይድ (የአንገት ዕጢ) ችግር ሁሉ ድርሻ አላቸው። አንዳንዴ ምክንያቱ ፊት ለፊት ይታያል፣ አንዳንዴ ጭራሽ አይገኝም። ዋናተኛው ማይክል ፌልፕስ 23 የኦሊምፒክ ወርቅ አለው፤ በድባቴ ክፉኛ መሠቃየቱን ራሱ በአደባባይ ተናግሯል። እሱንም ምን ጎደለህ በሉታ!

«ወንድን አይዘውም» የሚሉም አሉ። ሴቶች ላይ ይበዛል፣ እውነት ነው። ወንዱ ግን «ከፋኝ» አይልም። ይቆጣል፣ ይጠጣል፣ ወይ ወገቡን ያመዋል። አንድ ጎልማሳ የምርመራ ውጤቶቹን በወፍራም ፋይል ይዞ መጣ፤ ሁሉም ላይ «ደህና» ይላል። «መጨረሻ ደስ ያለህ መቼ ነው?» ስለው ፋይሉን ማገላበጥ ጀመረ። በዓለም ዙሪያ ራሳቸውን ከሚያጠፉት የሚበዙት ወንዶች መሆናቸውንም አትርሱ።

መድኃኒቱ ሱስ ያስይዛል የሚባለውም ስህተት ነው። ግን ያለ ሐኪም ምክር በድንገት አይቆምም። ለውጡ እስኪታይ ሳምንታት ስለሚፈጅ በአምስተኛው ቀን «አልሠራልኝም» ብላችሁ አትጣሉት።

ታዲያ ምን እንጠይቅ? እንቅልፍሽ እንዴት ነው? ምግብ ይበላልሻል? ድሮ የምትወጂው ነገር ዛሬም ደስ ይልሻል? መልሱ ለሁለት ሳምንት ያህል፣ በየቀኑ ማለት ይቻላል፣ መጥፎ ከሆነ ወደ ጤና ተቋም አብራችሁ ሂዱ። «ሂጂ» ብቻ ብላችሁ አትላኩ፤ ለመነሳትም አቅም ላይኖራት ይችላል። «መሞት አስበሽ ታውቂያለሽ?» ብላችሁም በግልጽ ጠይቁ። መጠየቅ ሐሳቡን አያመጣውም። «አዎ» ካለች ብቻዋን አትተዉአት፤ በዚያው ቀን ሐኪም ጋ አድርሷት።