ቆፈን ምንድን ነው? መቅዘፊያ የያዘ እጅ ለምን አልታዘዝ ይላል?

የሕይወት ጃኬቴን ዘለበት መፍታት አቃተኝ። ታኅሣሥ ነው፣ ሱሉልታ። ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ቢሆን ነው። ከእንጦጦ ጀርባ ባለች አንዲት የሎጅ ኩሬ ላይ ካያክ የምትባለውን ጠባብ ጀልባ ስቀዝፍ ግማሽ ሰዓት ያህል ቆይቼ ወጥቻለሁ። ጣቴን አየዋለሁ፣ ዘለበቱ ላይ አስቀምጠዋለሁ፣ ጫን በል እለዋለሁ። ወይ ፍንክች። የሰው ጣት የተዋስኩ ነው የሚመስለው። በመጨረሻ የጥበቃው ሽማግሌ መጥተው ፈቱልኝ። «ቆፈን ይዞሻል እኮ ልጄ» አሉኝ፣ ቡሉኳቸውን ከትከሻቸው ሳያወርዱ።

ቃሉን ከልጅነቴ ወዲህ አልሰማሁትም ማለት ይቻላል። ከተማ ውስጥ «እጄ ደነዘዘ» ብለን እናልፈዋለን። ግን እግር አጣጥፎ መቀመጥም ያደነዝዛል፣ የጥርስ ሐኪም መርፌም ያደነዝዛል። ቆፈን የብርድ ብቻ ነው። ጣት ከብርዱ ብዛት ደርቆ አልታጠፍ፣ አልጨብጥ ሲል ነው። እጁ የማይፈታለትን፣ ፈዛዛ ሰው «ቆፈናም» የሚሉትም ከዚሁ ወስደው ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር። ስለ ብርድ ቀዘፋ የሚጽፉት በአብዛኛው የበረዶ አገር ሰዎች ናቸው፤ የእነሱን «ክረምት» እንዳለ ወደ እኛ ማምጣት ያሳስታል። የእኛ ክረምት ደመና አለው፣ ደመናው ሌሊቱን እንደ ብርድ ልብስ ይሸፍነዋል። እጅ የሚቆፍነው በበጋ ነው። ከኅዳር እስከ ጥር ሰማዩ ጥርት ብሎ ሲያድር የቀኑ ሙቀት ወደ ላይ ያመልጣል፣ ቀዝቃዛው አየር ደግሞ ከባድ ስለሆነ ከተራራው ተዳፋት እየተንሸራተተ ወርዶ ሜዳው ላይ ይተኛል። ሱሉልታ ከ2,500 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ነች። ሲነጋ ሣሩ ላይ ውርጩ ነጭ ሆኖ ይታያል። አራት ሰዓት ላይ ያው ሜዳ ጃኬት ያስወልቃል።

ወደ ጣታችን እንመለስ። ሰውነት ሲበርደው መጀመሪያ የሚሳሳው ለልቡ፣ ለሳንባው፣ ለአንጎሉ ነው። ስለዚህ ወደ እጅና ወደ እግር የሚሄዱትን ቀጫጭን የደም ሥሮች ያጠባቸዋል። ጣት ራሱን ማሞቅ አይችልም፤ ቀጭን ነው፣ ዙሪያውን ለብርድ የተጋለጠ ነው፣ በዚያ ላይ ውስጡ ሥጋ የለውም። ይህን አታምኑ ይሆናል። አንድ ክንዳችሁን ከክርኑ ዝቅ ብላችሁ በሌላው እጅ ያዙትና ጣቶቻችሁን አንቀሳቅሱ። የሚንቀሳቀሰው ጡንቻ ክንዳችሁ ላይ ነው። ጣት ጅማት የሚጎትተው አሻንጉሊት በሉት። የእጅ ቆዳ ከ15 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ በታች ሲወርድ ጣት ለጥቃቅን ሥራ ቅልጥፍናውን ያጣል። ክንድ ሲቀዘቅዝ ደግሞ ጎታቹም ይዝላል።

ለዚህ ነው ጓንት ላይ ብር ከማፍሰሳችሁ በፊት ደረታችሁን አስቡ የምለው። ያን ቀን እኔ የለበስኩት ስስ ቲሸርትና የሕይወት ጃኬት ነበር፣ እጅጌዬንም እስከ ክርን ሰብስቤዋለሁ። ሰውነቴ ደሙን ወደ ደረቴ ቢሰበስብ ምን ይገርማል? በማግሥቱ ሳምንት ከሥር ወፍራም ሹራብ፣ ራሴ ላይ ኮፍያ፣ አንጓዬ ላይ ደግሞ ከአሮጌ ካልሲ የቆረጥኩት እጅጌ አድርጌ ሄድኩ። ባዶ እጄን ነበርኩ። መጀመሪያ አሳመመኝ፣ ከዚያ ትንሽ ቆይቶ ለቀቀኝ። ይህም የታወቀ ነገር ነው። ቶማስ ልዊስ የሚባል ብሪታንያዊ ሐኪም በ1930 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር እንደጻፈው፣ ብርድ ውስጥ የገባ ጣት ከደቂቃዎች በኋላ የደም ሥሮቹ መልሰው ይከፈታሉ፣ ደግሞ ይጠባሉ፣ እንዲህ እየተፈራረቁ ይቀጥላሉ። ደረት ከቀዘቀዘ ግን ይህ መክፈት መዝጋት ይደክማል።

ሁለተኛው ጠላት እርጥበቱ ነው። ጠዋት ኩሬው ላይ ጭስ የመሰለ እንፋሎት ሲነሣ ካያችሁ ውኃው ከአየሩ ይሞቃል ማለት ነው። እጃችሁን ስትነክሩት ለብ ያለ ይመስላል። ጉዱ ስታወጡት ነው። እንስራ ውኃ የሚያቀዘቅዘው እንዴት ነው? ሸክላው ያልበዋል፣ ላቡ ሲተን ሙቀቱን ይዞ ይሄዳል። እርጥብ እጅም ንፋስ ሲነካው እንስራ ይሆናል። ስለዚህ በመቅዘፊያው ዘንግ ላይ የሚገቡትን የጎማ ቀለበቶች አትናቋቸው፤ ውኃው በዘንጉ ወርዶ እጅ ላይ ሳይደርስ እዚያው ይንጠባጠባል። ዘንጉ አልሙኒየም ከሆነ ራሱ ሙቀት ይመጥጣል፣ የብስክሌት መሪ መጠቅለያ ብታለብሱት ይለያል። አጥብቃችሁም አትጨብጡ። የፈራ ሰው ዘንጉን አንቆ ይይዛል፣ ያኔ የቀረችውም ደም መግቢያ ታጣለች።

ጓንት ጥሩ ነው፣ ግን ችግር አለበት። የጥጥ ጓንት አንዴ ከራሰ ከባዶ እጅ ይብሳል። ሱፍ ይሻላል፣ ርሶም ትንሽ ሙቀት ይይዛል፤ የመንዝ ባና የለበሰ ሰው ይህን አያስረዱትም። ለዋናተኞች ልብስ ከሚሆነው ኒዮፕሪን ከሚባል ጎማ የተሰፋው ጓንት በውስጡ ጥቃቅን የአየር አረፋዎች ስላሉት ያሞቃል፣ ግን ወፍራሙ ዘንጉን ያወፍረዋል፣ ክንድም ቶሎ ይዝላል። በርካሽ ለመገላገል የሱፍ ጓንት ላይ ሰፋ ያለ የዕቃ ማጠቢያ ጓንት መደረብ ይቻላል። ያስቃል፣ ይሠራል።

እኔ የወደድኩት ቀዛፊዎች ፖጊ የሚሉትን ነው። እጅን ብቻውን ከማልበስ እጅንና ዘንጉን አንድ ላይ የሚያለብስ ከረጢት ነው። ከውጭ በዘንጉ ዙሪያ ይታሰራል፣ እናንተ በአንጓ በኩል ባዶ እጃችሁን ታስገቡና ዘንጉን በቆዳችሁ ትይዛላችሁ። ይህን ለጥበቃው ሽማግሌ ሳስረዳቸው ሳቁ። ዱላቸውን በቡሉኳቸው ሥር እንደያዙ ብድግ አድርገው አሳዩኝ። «ይኼ ነው?» አሉ። እሱው ነው። እረኛ ሁሉ ሲያደርገው የኖረው። የእኔን ሰፈር ውስጥ ያለ ልብስ ሰፊ ከአሮጌ የዝናብ ጃኬት እጅጌ ሰፋልኝ፣ ውስጡን በብርድ ልብስ ቁራጭ ገበረው። አፉን ሰፋ አድርጉት፤ ካያኩ ቢገለበጥ እጃችሁ ያለ ትግል መውጣት አለበት። ይህንን ሞቃት ቀን፣ ዳር ላይ፣ ሰው አጠገባችሁ እያለ ሞክሩት።

ቫዝሊንና ለጋ ቅቤ የሚቀቡም አሉ። ቆዳ እንዳይሰነጠቅ ደግ ነው። አያሞቅም፣ ዘንጉንም ያንሸራትታል።

ውኃ ላይ ሆናችሁ መጠራጠር ከጀመራችሁ አውራ ጣታችሁን ከትንሿ ጣት ጋር አገናኙ። እንቢ ካለ ወደ ዳር። ያኔ «ትንሽ ልቆይ» የለም፣ ምክንያቱም ያ እጅ ብትወድቁ ገመድ አይይዝላችሁም። ዳር ስትደርሱ ክንዳችሁን እንደ ወንጭፍ አሽከርክሩት፣ ደሙ ወደ ጣት ይወረወራል። ጣቱ በትንሽ ብርድ ሁሉ እንደ ወረቀት ነጭ የሚሆንበት ሰው ግን ሐኪም ያማክር፤ በ1862 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ስለ ጉዳዩ በጻፈው በፈረንሳዊው ሐኪም በሬይኖ ስም የሚጠራ ሌላ ነገር ሊሆን ይችላል።

አረቄስ? ያሞቃል፣ ግን ውሸቱን ነው። የቆዳን የደም ሥሮች ይከፍትና የደረታችሁን ሙቀት ለብርዱ ያስረክባል። ሲጋራ ደግሞ በተቃራኒው ያጠባቸዋል።

ያን ጠዋት እኔ በቀጥታ ወደ ከሰሉ ምድጃ ነበር የሮጥኩት። ሽማግሌው እጄን ያዙኝ። የቆፈነ እጅ ትኩሳት አያውቅም፣ ቆዳው እስኪላጥ ዝም ይላል። «ብብትሽ ውስጥ ክተቺው» አሉኝ። ከተትኩት። ደሙ ሲመለስ ያለው ሕመም ከብርዱ ይብሳል፣ መርፌ በመርፌ ነው፣ እንባዬ መጣ። እሳቸው ሻይ እየቀዱ «አሁን እጅሽ ያንቺ ሆነ» አሉ።