«ድር ቢያብር አንበሳ ያስር»፦ የትኛው ድር?

ይህ ተረት ሲነሳ የብዙ ሰው ሐሳብ ወደ ሸረሪት ይሄዳል። የእኔም ይሄድ ነበር። ሸረሪት ግን ለዚህ ነገር ደካማ ምስክር ናት። በዓለም ከታወቁት ከ45,000 በላይ የሸረሪት ዝርያዎች ውስጥ በአንድ ድር ላይ አብረው የሚኖሩትና አብረው የሚያድኑት እጅግ ጥቂት ናቸው። የቀሩት ብቻቸውን ያድናሉ፤ ጎረቤት ቢመጣባቸውም ከመብላት አይመለሱም።

ድር ግን የሸማኔም ነው። መንዝ ውስጥ አያቴ የበግ ጸጉር በእንዝርት ስትፈትል አጠገቧ ቁጭ እያልሁ ፈትሉን በጣቴ እበጥስባት ነበር። አንድ ፈትል የሰባት ዓመት ልጅ ጣትንም አይመክትም። ያው ፈትል ሸማኔው ዘንድ ሄዶ ጎን ለጎን ሲወጠር ድር ይባላል፤ ማግ ሲገባበት የመንዝ ብርድ የማይበሳው ባና ይሆናል። እኔ ተረቱን የምሰማው ከዚህ ከፈታዮችና ከሸማኔዎች መንደር የወጣ ያህል ነው።

ትርጉሙ ሩቅ አይደለም፦ ደካሞች ከተባበሩ ኃይለኛውን ይረታሉ። «አበረ» የግእዙ «ኀበረ» ነው፤ ኅብረትና ማኅበርም ከዚያው የወጡ ናቸው። ዛሬ ዛሬ ተረቱ በየስብሰባው የሚሰማው መዋጮ ሊጠየቅ ሲል ነውና ጆሮአችን ለምዶታል። ልብ በሉ፤ «ቢያብር» አለ እንጂ «ቢበዛ» አላለም። ሳይወጠር የተከመረ ፈትል የድመት መጫወቻ ነው።

ከመንዟ ከተማ ከመሐል ሜዳ ወደ ጓሳ ደጋ የወጣ ሰው ብዛትንና ማበርን አንድ ላይ ያያል። ጭላዳ ዝንጀሮዎች በመቶ እየሆኑ ሜዳው ላይ ተቀምጠው ሣር ይነጫሉ። አንዱ በድንገት ሲጮህ ሜዳው ባዶ ይቀራል፤ እናቶች ልጆቻቸውን እንዳዘሉ ሁሉም ገደሉ አፋፍ ላይ ናቸው። ቀይ ቀበሮ በመካከላቸው ሲመላለስ ግን አይደነግጡም። እዚያው ጓሳ ላይ በተደረገ ጥናት ቀበሮው ከጭላዳ መንጋ መካከል ሆኖ አይጥ ለመያዝ ካደረገው ሙከራ 67 በመቶው ሲሳካለት፣ ብቻውን ሲሆን የተሳካለት 25 በመቶው ብቻ ነበር። ጭላዳዎቹ ዝም አሉት እንጂ አልረዱትም። ጩኸቱም ቢሆን አብሮ መሸሽ ነው፤ ማሰር አይባልም።

ለተረቱ የቀረበውን ነገር ያገኘሁት ከጉንዳን ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 የፈረንሳይና የአሜሪካ ተመራማሪዎች ባሳተሙት ጥናት አንዲት ጉንዳን በናይለን ክር ታስራ ግማሽ አካሏ አሸዋ ውስጥ ተቀበረ። የጎጆዋ ልጆች መጥተው አሸዋውን ጫሩ፣ እግሯን ጎተቱ፤ አልላቀቅ ስትል የያዛትን ክር ፈልገው አገኙና በጥርሳቸው ይነክሱት ጀመር። እግሯን ሳይሆን ክሩን! በተፈጥሮ አይተውት የማያውቁትን ነገር። የታሰረችው ከሌላ ጎጆ የመጣች ስትሆን ግን ማንም አልቆፈረላትም።

እዚህ ላይ ስደርስ የላማችን ነገር ትዝ ይለኛል። አንድ ክረምት ረግረግ ገብታ እስከ ሆዷ ሰጠመች። አባቴ ኡኡ ሲል ጎረቤቱ ሁሉ ከጓሳ ሣር የተገመደ ገመዱን ይዞ ወጣ። በሆዷ ስር አሳልፈው ለመጎተት ጭቃው ውስጥ እስከ ጉልበታቸው ገቡ፤ ገመዱ በመዳፋቸው ላይ ሲንሸራተት ይጮህ ነበር። የገመዱን ጫፍ በክርኑ ጠምጥሞ የያዘው፣ አባቴን በድንበር የከሰሰው ጎረቤታችን ነበር። ላሟ ተንደፋድፋ ስትቆም አያቴ «ድር ቢያብር» ብላ እዚያው ላይ ተወችው፤ ቀሪውን ሁሉም ያውቀዋል።

በሳምንቱ ማክሰኞ አባቴና ጎረቤታችን ከዘራቸውን ይዘው፣ አንድ መንገድ ተያይዘው፣ ወደ ችሎቱ ሄዱ።