አንድ እንሁን ማለት እንዋዋጥ ማለት አይደለም

የቤተ ክርስቲያን ታሪክ ማስተማር ከጀመርኩ አሥራ ስምንት ዓመት ሆነኝ። ስለ ክርስቲያኖች የአንድነት ጥሪ የምናወራበት ሳምንት በደረሰ ቁጥር አንድ እጅ ይነሳል። «መምህር፣ ይሄ ነገር ሃይማኖታችንን ሊያስጥሉን አይደል?» ይሄን የሚለኝ ኦርቶዶክስ ብቻ ቢሆን አይደንቀኝም ነበር። ጴንጤውም ይጠይቀኛል፣ ካቶሊኩም ይጠይቀኛል። ሁሉም ሌላው ሊውጠው የመጣ ይመስለዋል። እውነቱን ልናገር፣ ሰልችቶኛል። መልሱ ከሰባ ዓመት በላይ ተጽፎ ተቀምጧል እኮ።

ትንንሾቹን ስህተቶች ቶሎ ላንሳና ወደዚያ ልመለስ።

«የዓለም አብያተ ክርስቲያናት ምክር ቤትን የሚመሩት የሮማው ፖፕ ናቸው።» ምክር ቤቱ ልዩ ልዩ አብያተ ክርስቲያናት ተሰብስበው የሚነጋገሩበት ማኅበር ነው፤ የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን አባሉ እንኳን አይደለችም።

«በ2017 ፋሲካን ከምዕራባውያኑ ጋር በአንድ ቀን ያከበርነው መሪዎቹ ተስማምተው ነው።» አይደለም። ሚያዝያ 12 ቀን ሁለቱ ስሌቶች ገጠሙ፣ በቃ። በየጥቂት ዓመቱ የሚሆን ነገር ነው።

«ፕሮቴስታንት ከእኛ ተገንጥሎ የወጣ ነው።» ሉተር እ.ኤ.አ. በ1517 የተጣላው ከሮም ጋር ነው። እንዲያውም በ1534 ሚካኤል የሚባል ኢትዮጵያዊ ዲያቆን ሉተር እስከሚኖርባት ዊተንበርግ ድረስ ሄዶ ከሉተርና ከባልደረባው ከሜላንክቶን ጋር ስለ እምነት ተወያይቷል። ሲሸኙትም የድጋፍ ደብዳቤ ጽፈው ሰጥተውታል። እርግጥ ዛሬ በየቤታችን ያለው ቁስል ሌላ ነው። ልጅ ጴንጤ ሆኖ እናት ያለቀሰችበት ቁስል ነው። እሱን የዊተንበርግ ታሪክ አያሽረውም፤ ግን ሁለቱን አንድ አድርገን አናውራ።

«ተዋሕዶዎች የክርስቶስን ሰው መሆን ይክዳሉ።» ይሄንን ከውጭ የተተረጎመ መጽሐፍ ያነበቡ ወንድሞች ይነግሩኛል፤ ያናድደኛል። የአምላክነት ባሕርይ የሰውነትን ዋጠው ብሎ ያስተማረው አውጣኪ ነው። አውጣኪን ደግሞ የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያንም ታወግዘዋለች። ስለ ክርስቶስ ባሕርይ ከተከራከረው ከ451ዱ የኬልቄዶን ጉባኤ በኋላ የተለያዩት ሁለቱ የኦርቶዶክስ ወገኖች፣ እነ ኢትዮጵያና ግብፅ በአንድ በኩል፣ እነ ግሪክና ሩሲያ በሌላ በኩል፣ ሊቃውንታቸው እ.ኤ.አ. ከ1964 ጀምሮ በኦርሁስ፣ በብሪስቶል፣ በጄኔቫ፣ በመጨረሻም በ1971 በራሳችን ከተማ በአዲስ አበባ ተቀምጠው ተነጋግረዋል። የደረሱበትም ቃሉ ቢለያይም በክርስቶስ ላይ ያለን እምነት በመሠረቱ አንድ ነው የሚል ነው። አዲስ አበባ ላይ የተደረገ ነገር አዲስ አበባ ውስጥ አለመታወቁ ያሳዝነኛል።

አሁን ወደ ዋናው። «አንድነት ማለት መዋጥ ነው» ወደሚለው።

ይህ ፍርሃት ከመሬት አልተነሳም፤ ንቄው ማለፍ አልችልም። እኛ አገር «አንድ እንሁን» ተብሎ ደም ፈሷል። ዐፄ ሱስንዮስ እ.ኤ.አ. በ1622 ካቶሊክነታቸውን በይፋ ገለጡ። ከጥቂት ዓመት በኋላ ፓትርያርክ ሆኖ የመጣው ፖርቱጋላዊው ካቶሊክ አልፎንሶ ሜንዴዝ ሕዝቡ እንደገና ይጠመቅ፣ ካህናቱ እንደገና ይሾሙ፣ ጾሙም በዓሉም በሮም አቆጣጠር ይሁን አለ። አገሩ ተነሳ፣ ላስታ ሸፈተ። በ1632 ንጉሡ ራሳቸው የሞተውን ሰው አይተው የቀደመውን ሃይማኖት መለሱና ዙፋኑን ለልጃቸው ለፋሲለደስ ለቀቁ። ስለዚህ አያቴ «አንድነት» ሲባል ብትደነግጥ አልፈርድባትም።

ግን ያ አንድነት በአዋጅና በጦር የመጣ ነው። ዛሬ የሚጠራው አንድነት ምን እንደሆነ ደግሞ በጽሑፍ አለ። የዓለም አብያተ ክርስቲያናት ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ1948 አምስተርዳም ላይ ሲመሠረት የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ከመሥራቾቹ አንዷ ነበረች። በ1950 ቶሮንቶ ላይ ምክር ቤቱ ስለ ራሱ ማንነት ግልጽ መግለጫ አወጣ። ከአብያተ ክርስቲያናት በላይ የሆነ ቤተ ክርስቲያን አይደለሁም፣ መሆንም የለብኝም አለ። አባል የሆነች ቤተ ክርስቲያን ስለ ራሷ የምታምነውን እንድትተው አትገደድም፤ ሌሎቹን በሙሉ ትርጉሙ ቤተ ክርስቲያን ናችሁ ብላ እንድትቀበልም አትገደድም። እንግዲህ ቁጠሩት፤ ከ1948 ወዲህ ቅዳሴያችን ተለወጠ? ጾማችን ቀነሰ? 81ዱ መጽሐፍ 66 ሆነ?

ለተማሪዎቼ ሁልጊዜ የምለው አንድ ነገር አለ። ተዋሕዶ የሚለውን ቃል በስሟ የያዘች ቤተ ክርስቲያን ልጅ ሆኖ አንድነትን ከመዋጥ ጋር ማምታታት አይገባም። መምህራኖቻችን ምን ብለው አስተማሩን? ያለ ቱሳሔ፣ ያለ ቡዓዴ፣ ያለ ሚጠት፣ ያለ ውላጤ። ሳይደባለቅ፣ ሳይለያይ፣ ሳይመለስ፣ ሳይለወጥ ማለት ነው። ያ ስለ ክርስቶስ የተነገረ ምሥጢር ነው፤ በአብያተ ክርስቲያናት ላይ እንዳለ አይለጠፍም። ግን አንድ መሆንና መደባለቅ ሁለት ነገር መሆናቸውን ከእኛ በላይ ማን ሊያውቅ ይችላል?

ሳይደባለቁ አብሮ መሥራት ምን እንደሚመስል ማየት የሚፈልግ አማርኛ መጽሐፍ ቅዱሱን ይክፈት። አቡ ሩሚ የሚባሉት አባ አብርሃም፣ ኢትዮጵያዊ መነኩሴ፣ ካይሮ ላይ በአንድ የፈረንሳይ ቆንስል ጠያቂነት ዓመታት ደክመው ተረጎሙት። የእንግሊዝ ፕሮቴስታንቶች የመጽሐፍ ቅዱስ ማኅበር የእጅ ጽሑፉን ገዛና እ.ኤ.አ. በ1840 ሙሉውን አሳተመው። በኋላ የመጣው የ1954 ዓ.ም እትም ደግሞ በንጉሠ ነገሥቱ ትእዛዝ የቤተ ክርስቲያን ሊቃውንት የደከሙበት ነው። ጴንጤው ሰባኪ በቃሉ የሚወጣው ጥቅስ አብዛኛው ከዚያ እትም ነው።

ከሌላው ወገን የምሰማው ስህተት ደግሞ የዚህ ግልባጭ ነው። «ኢየሱስን ከወደድን ይበቃል፣ ዶግማው ይቅር።» ይቅር የሚሉት ብዙ ጊዜ የሌላውን ዶግማ ነው። ልዩነቱ እውነተኛ ነው። እ.ኤ.አ. በ1965 ካቶሊኳ ሮምና ኦርቶዶክሷ ቁስጥንጥንያ እርስ በርስ የተወጋገዙበትን የ1054ቱን ውግዘት አንስተዋል፤ ዛሬም ግን በአንድ መንበር አይቆርቡም። በ2024 የግብፅ ኮፕቲክ ቤተ ክርስቲያን ከካቶሊክ ጋር የነበራትን ሥነ መለኮታዊ ውይይት አቁማለች። ይሄ የአንድነት ጥሪ ከሸፈ ማለት አይደለም። የሚነጋገሩት ሰዎች የምራቸውን መሆናቸውን ነው የሚያሳየኝ።

አጎቴ ጴንጤ ነበር። ሲሞት የዕድሩ ሰዎች «ድንኳን ብንጥል ሃይማኖት መቀላቀል ይሆንብናል» አሉ። ሠላሳ ዓመት መዋጮ የከፈለ ሰው ነው! እናቴ በር ላይ ቆማ ትሰማለች። አንድ ሽማግሌ ተነሱ፣ ጾም የማይገድፉ፣ ኪዳን የማይቀርባቸው ሰው ናቸው። «እኔ የምሸከመው ሬሳውን ነው እንጂ ትምህርቱን አይደለም» አሉና ሄደው የድንኳኑን እንጨት አነሱ። ሌሎቹ ተከተሏቸው። ሽማግሌው ከዚያ በኋላ አንዲት ቅዳሴ አልቀረባቸውም።

ስለዚህ እባካችሁ፣ ዕድራችሁ ውስጥ ይሄ ጉዳይ ሰው ሳይሞት በፊት ይነሳ። ሬሳ ቤት እያለ መተዳደሪያ ደንብ አይወራም። ድንኳኑ፣ ወንበሩ፣ ንፍሮው ለከፈለ ሁሉ መሆኑ ይጻፍ፤ የቀብሩን ሥርዓት እያንዳንዱ በእምነቱ ይፈጽም። ልቅሶ ቤት ገብታችሁ ሰው ለመለወጥ አትስበኩ፤ ይሄን በተለይ ለጴንጤ ወንድሞቼ ነው የምለው። ኦርቶዶክሶች ደግሞ ዘመዳችሁን በስሙ ጥሩት፤ «መናፍቁ» ስሙ አይደለም። ሌላው የሚያምነውን ከማውራታችሁ በፊት እሱኑ ጠይቁት፣ መልሱንም እስኪጨርስ ስሙት። ሠርግ ካላችሁም የጾም ቀን መሆኑን ቀድማችሁ እዩ። የአጎቴ ሚስት ረቡዕና ዓርብ እናቴ ስትመጣ ሽሮውን ቅቤ ነክቶት በማያውቅ ድስት ነው የምትሠራላት። ድስቱ ለብቻው ተቀምጧል፣ ሌላ ሰው አይነካውም።