ሞተር ሲያፈላ፦ ከአባይ በረሃ እስከ ደብረ ማርቆስ የሚነገሩ ስህተቶች

የአባይ ድልድይ ከባሕር ወለል በላይ 1,050 ሜትር አካባቢ ላይ ነው፤ ደጀን ደግሞ 2,400 ሜትር ይጠጋል። መኪና ይህን ሁሉ ከፍታ ሃያ ኪሎ ሜትር ገደማ በሆነ ጠመዝማዛ ዳገት ይወጣዋል። እዚያ የሚያፈላው መኪና ግን ብዙ ጊዜ ችግሩን ይዞት የመጣ ነው፤ ዳገቱ ገለጠበት እንጂ አልፈጠረበትም። ከዚህ በታች ያሉት አባባሎች ብዙ ሞተር ስላስጨረሱ እንደ ቀላል መታየት የለባቸውም።

«ቴርሞስታቱን አውጥተህ ጣለው፣ ሞተሩ ይቀዘቅዛል»

ከሁሉም የከፋው ይህ ነው። ቴርሞስታት ሞተሩ እስኪሞቅ ድረስ ውሃው ወደ ራዲያተር እንዳይሄድ ይዘጋል። ሲሞቅ የራዲያተሩን በር ይከፍታል፤ በብዙ ሞተሮች ላይ ደግሞ ከጀርባው ባለችው ትንሽ ሳህን ወደ ራዲያተር ሳይደርስ የሚመለሰውን አቋራጭ መስመር ይደፍናል። ቴርሞስታቱ ሲወጣ አቋራጩ እንደተከፈተ ይቀራል፤ የጋለው ውሃ ከፊሉ ሳይቀዘቅዝ ተመልሶ ሞተር ውስጥ ይገባል። ሜዳ ላይ ምንም አይታወቅም። ጭነት ይዞ ዳገት ሲጀመር ነው የሙቀት ጌጁ የሚወጣው። በደብረ ማርቆስ ብርድ ደግሞ ተቃራኒው ይመጣል፦ ሞተሩ በወጉ ሳይሞቅ ይውላል፣ ነዳጅ ይበላል፣ ዘይቱ ውስጥ እርጥበት ይጠራቀማል።

ቴርሞስታት የሚፈተሸው ድስት ውስጥ ነው። የድስቱን ግርጌ እንዳይነካ በክር አንጠልጥላችሁ ውሃውን አፍሉ። እዚህ ላይ ግን ብዙ ደህና ዕቃ ያለ ጥፋቱ ይጣላል። ቴርሞስታቱ ላይ 82 ተብሎ ከተጻፈ መከፈት የሚጀምረው በ82 ዲግሪ ነው፤ ሙሉ በሙሉ የሚከፈተው ግን በ95 አካባቢ ነው። ደብረ ማርቆስ ላይ ክፍት ድስት ውስጥ ያለ ውሃ የሚፈላው ግን 92 ዲግሪ አካባቢ ስለሆነ፣ ከዚያ በላይ አይሞቅም። ስለዚህ ጤነኛው ቴርሞስታት በከፊል ብቻ ተከፍቶ ይታያል። ውሃው ከመፍላቱ በፊት መከፈት ከጀመረ፣ ሲቀዘቅዝም ጥብቅ ብሎ ከተዘጋ አትጣሉት።

«ክዳን ክዳን ነው፣ የሚገጥም ይበቃል»

የራዲያተር ክዳን ግፊት የሚይዝ ቫልቭ ነው። 0.9 (ግፊቱ በባር) የሚል ክዳን ደህና ከሆነ ደብረ ማርቆስ ላይ በ92 የሚፈላውን ውሃ እስከ 114 ዲግሪ ገደማ ሳይፈላ ያቆየዋል። ጎማው የተሰነጠቀ ክዳን ይህን ሁሉ አቅም ያሳጣል፤ ከፍታ ላይ ስንሆን ደግሞ ጉዳቱ ከቆላው ይብሳል። የተጻፈበት ቁጥር ፋብሪካው ካዘዘው ጋር አንድ መሆን አለበት፤ ከፍ ያለ ቁጥር መግጠም ያረጀ ማኒኮቶ (ውሃውን የሚያመላልሰውን የጎማ ቱቦ) ያፈነዳል። ክዳኑ ሌላም ትንሽ ቫልቭ አለው፦ ሞተሩ ሲበርድ ውሃውን ከመጠባበቂያው ዕቃ መልሶ የሚያስገባ። ጠዋት የላይኛው ማኒኮቶ ተጨፍልቆ ካገኛችሁት ይህች ቫልቭ ተጣብቃለች ማለት ነው።

«ንጹሕ ውሃ ከኩላንት አያንስም»

ውሃ ሙቀት በመሸከም ጎበዝ ነው፤ ዝገትን ግን አይከላከልም። የምንጭና የጉድጓድ ውሃ፣ በተለይ ኖራ ድንጋይ ካለበት አካባቢ የተቀዳ፣ በራዲያተሩ ቀጫጭን ቱቦዎች ውስጥ ነጭ ቅርፊት ይጋግራል። ግማሽ ኩላንት፣ ግማሽ የተጣራ ውሃ ይደረግ፤ 6 ሊትር ለሚይዝ መኪና 3 በ3። ኩላንቱ አስቀድሞ የተበረዘ መሆኑን ከጣሳው ላይ አንብቡ። ሳይበረዝ መሙላትም አያዋጣም፣ ሙቀት የመሸከም አቅሙ ይቀንሳል። የተጣራውን ውሃ ባትሪ ከሚሸጥበት ስትገዙ ግን አሲድ አለመሆኑን አረጋግጡ።

«ከፍ ባለ ማርሽ ከወጣሁ ሞተሩ አይደክምም»

ይደክማል። ሞተሩ ቀስ ብሎ ሲዞር የውሃ ፓምፑም በቺንጋ (በጎማ ቀበቶ) የሚዞረው ፋንም አብረው ይቀንሳሉ፣ ነዳጁ ግን ተረግጦ ይቃጠላል። አንድ ማርሽ ዝቅ አድርጋችሁ ሞተሩ ሳይንገዳገድ እንዲወጣ አድርጉ፤ ኤሲውን አጥፉ።

«ጌጁ ሲወጣ ወዲያው ክዳኑን ከፍቶ ቀዝቃዛ ውሃ መጨመር»

ሰው የሚቃጠለው እዚህ ላይ ነው። ክዳኑ ሲላቀቅ ግፊቱ ይለቃል፤ ከ100 በላይ የደረሰው ውሃም በአንድ ቅጽበት እንፋሎት ሆኖ ፊት ላይ ይወጣል። እንፋሎት ካልታየ፣ ቺንጋውም ካልተበጠሰ፣ ዳር ይዛችሁ ሞተሩን በሚኒሞ (ነዳጅ ሳትረግጡ) እየሠራ ተዉትና የውስጥ ማሞቂያውን እስከ መጨረሻ ክፈቱ። እንፋሎት ካለ ወይም ውሃው ፈሶ ካለቀ ወዲያው አጥፉ። ቢያንስ 45 ደቂቃ ጠብቁ፤ የላይኛው ማኒኮቶ በእጅ ሲጫኑት ለስላሳ ሲሆን ክዳኑን በወፍራም ጨርቅ ይዛችሁ ቀስ ብላችሁ ፈቱ። ውሃውን ሞተሩ በርዶ እያለ፣ ከዚያም እየሠራ፣ በቀጭኑ ጨምሩ። የጋለ ቴስታታ (ሲሊንደሮቹን ከላይ የሚከድነው የሞተር ክፍል) ላይ በድንገት የተደፋ ቀዝቃዛ ውሃ ይሰነጥቀዋል።

ጌጁ ተመልሶ ዝቅ አለ ብላችሁም አትዘናጉ። ውሃው ካለቀ ሴንሰሩ በአየር ውስጥ ስለሚቀር ሞተሩ እየነደደ ጌጁ ደህና ሊያሳይ ይችላል።

«ካፈላ ጓርኒሲዮኑ ተቃጥሏል»

ጓርኒሲዮን በቴስታታውና በሞተሩ መካከል ያለው ማሸጊያ ነው። ቴስታታ ከማስፈታታችሁ በፊት በርካሹ ጀምሩ፦ የውሃ መጠን፣ ክዳን፣ ቺንጋ፣ ፋን። የናፍጣ ፒካፖችን ፋን ሞተሩ ጠፍቶ በርዶ ሳለ በእጅ አዙሩት፤ ምንም ሳይከብድ ብዙ ዙር ከዞረ መሃሉ ላይ ያለው ዘይት ፈሷል። ከዚያ ራዲያተሩን በባትሪ መብራት ተመልከቱ። በአጨዳና በውቂያ ወቅት ከገጠር መንገድ የመጣ መኪና ላይ የጤፍ ገለባና አቧራ ተጣብቀው አየር አያሳልፉም፤ ከሞተሩ በኩል ወደ ውጭ፣ ግፊቱ በቀነሰ ውሃ ይታጠብ።

ጓርኒሲዮን የሚያስጠረጥረው ሌላ ነው። ሞተሩን በብርዱ፣ ክዳኑ ተከፍቶ፣ አስነሱ፤ አረፋው ሳያቋርጥ ከቀጠለ የሲሊንደር ግፊት ወደ ውሃው እየገባ ነው። ወይም ክዳኑ ተዘግቶ ሞተሩ ገና ሳይሞቅ ማኒኮቶው በአንድ ሁለት ደቂቃ ይጠነክራል። የዘይት መሙያው ክዳን ላይ ብቻ የሚታይ ወተት መሰል ነገር ግን በደጋ ብርድ አጭር መንገድ ከሚሄድ መኪና ላይም ይገኛል፤ የዘይቱን መለኪያ ዘንግ አውጥታችሁ እዚያም ካለ ነው ነገሩ። ጓርኒሲዮን መቀየር የግድ ከሆነ፣ ቴስታታው ቶርኖ ቤት ሄዶ መጣመሙ ሳይለካ እንዲመለስ አትፍቀዱ፤ የተጣመመ ቴስታታ አዲሱንም ጓርኒሲዮን በቀጣዩ ዳገት ያቃጥለዋል።