ድንጋይን በሌዘር መብሳት፦ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

«ሌዘር ድንጋይ አይመርጥም።»
ይመርጣል እንጂ። ሰሜን ሸዋ ውስጥ ብቻ እንኳ ከደብረ ብርሃን ደጋ ጥቁር ድንጋይ (ባዛልት)፣ ከጀማ ሸለቆ የኖራ ድንጋይና አሸዋማ ድንጋይ ይወጣል፤ የሦስቱም ጠባይ ለየቅል ነው።

ጥቁሩ ከ1,100 እስከ 1,200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ይቀልጣል። ቅላጩን የኮምፕሬሰር አየር ወዲያው ጠርጎ ካላወጣው ቀዳዳው ውስጥ ረግቶ መስታወት ይሆናል፤ ከዚያ በኋላ ጨረሩ ያንኑ መስታወት ሲያቀልጥ ይውላል እንጂ ወደ ታች አይዘልቅም። አሸዋማው ሳይቀልጥም ይፈረፈራል፦ ውስጡ ያለው ኳርትዝ (የአሸዋ ጠንካራ ማዕድን) 573 ዲግሪ ላይ የክሪስታል ቅርጹን ቀይሮ በድንገት ስለሚለጠጥ ቅንጣቶቹ ይላቀቃሉ። ለሌዘር የሚመቸው ይኸኛው ነው። የኖራ ድንጋይ ደግሞ 900 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ተቃጥሎ ኖራ ይሆናል፤ ኖራው ውሃ ሲያገኝ ያብጥና ይፈርሳል። እንዲህ ባለ ቀዳዳ ብረት በኤፖክሲ ብታስሩ ማጣበቂያው የያዘው ድንጋዩን ሳይሆን ዱቄቱን ነው።

«የማስታወቂያ ቤቱ ሌዘር ይበቃል።»
የ100 ዋት ማሽን እብነ በረድ ላይ ስም ይጽፋል፤ ከላዩ ቆዳ ግን አያልፍም። ለመብሳት በኪሎ ዋት የሚቆጠር ጨረር ያስፈልጋል። 1 ኪሎ ዋት የሚያወጣ ፋይበር ሌዘር (ጨረሩ በቀጭን የመስታወት ክር ውስጥ የሚፈጠር) ከኤሌክትሪክ መስመር 3 ኪሎ ዋት ያህል ይወስዳል፤ ማቀዝቀዣውና ኮምፕሬሰሩ ሳይቆጠሩ።

«ስለማይመታው አይሰነጥቀውም።»
ድንጋይ ሙቀት የሚያስተላልፈው በዝግታ ነው። ጨረር ያረፈበት ሲለጠጥ ዙሪያው ቀዝቃዛ ይሆንና ይሰነጠቃል፤ ባለ 2 ሴንቲሜትር ንጣፍ ጠርዝ ላይ መሰንጠቁ የባሰ ነው። የነሐሴ ዝናብ ያራሰውም ውሃው እንፋሎት ሆኖ ፍንጣሪ ይወረውራል፤ አስቀድሞ ይድረቅ።

«አቧራም አደጋም የለውም።»
ጢስና ሳንባ የሚጎዳ የሲሊካ ብናኝ አለው፤ መምጠጫና ኤፍኤፍፒ3 (ደቃቅ ብናኝ የሚያጣራ) ማስክ የግድ ነው። የፋይበር ሌዘር ጨረር (1.07 ማይክሮሜትር) ለዓይን አይታይም፣ ግን የዓይንን ብርሃን እስከወዲያኛው ያጠፋል። እባካችሁ በፀሐይ መነጽር አትመኑ፤ የጨረሩ የሞገድ ርዝመት የተጻፈበት መነጽር ብቻ ይደረግ።

«ድሪል ጊዜው አልፎበታል።»
ለጥቁር ድንጋይ ዛሬም የሚሻለው እሱ ነው። ለ12 ሚሊሜትር ብረት በ16 ሚሊሜትር ፑንታ ይበሳል፦ መነሻው ያለ ምት፣ ከዚያ በምት፤ በየ3 ሴንቲሜትሩ ፑንታውን አውጥቶ ዱቄቱን ማስወጣት። ኤፖክሲ ከመግባቱ በፊት ቀዳዳው ይነፋል፣ በብሩሽ ይፈተጋል፣ ደግሞ ይነፋል። ስስ ንጣፍ ከሆነ ምቱ ይቅርና በዳይመንድ ፑንታና በውሃ ይበሳ።