«እብድ ቢጨምት እስከ እኩለ ቀን ነው»፦ ጭምትነቱ የማን ሥራ ነው?

ባሕር ዳር ውስጥ ይህ አባባል በብዛት የሚሰማው ስለ ታማሚ ሲወራ አይደለም። «መጠጥ በቃኝ» ብሎ የማለ ባል ይነሳል፣ ወይም ታርቆ ሳምንት ሳይሞላው ጎረቤቱን የተሳደበ ሰው ይነሳል። ከሽማግሌዎቹ አንዱ «ተዉት አያ፣ እብድ ቢጨምት እስከ እኩለ ቀን ነው» ይላል። ከዚያ ወዲያ ለሰውዬው ዋስ የሚሆን አይገኝም።

«ጨመተ» ማለት ረጋ፣ ዝም አለ፣ ራሱን ገዛ ማለት ነው። ጭምት የምንለው ነገር የማያበዛ፣ የተከበረ ሰው ነው። አባባሉ ይህን የክብር ቃል ከ«እብድ» ጎን ያስቀምጥና «ቢ» በምትል ፊደል ያስረዋል፤ ቢረጋ እንኳ፣ ቢበዛ፣ እስከዚህ ድረስ ነው። መርዙ ያለው በዚህች ፊደል ላይ ነው። ርጋታውን አይክድም፣ ርጋታውን አትመኑት ይላል።

እኩለ ቀን ለምን ተመረጠ? ቀላሉ ፍቺ ግማሽ ቀን፣ ማለትም አጭር ጊዜ ነው፤ እኛንም ይበልጥ የሚያሳምነን ይኸው ነው። ሌላው ፍቺ ቀትርን ይዞ ይመጣል። በመዝሙረ ዳዊት 90 የቀትር ጋኔን ይጠቀሳል፤ በስድስት ሰዓት ብቻውን ውሃ ዳር የወረደ ልጅ ይለከፋል የሚባለውም ከዚሁ ፍርሃት ጋር ይሄዳል። በዚህ አፈታት ታማሚው ጠዋት ሰላም ያረፍድና ቀትር ላይ ያደረበት ይነሳበታል። ለጣና ዳር ሰው ደግሞ ሌላም የሚታየው አለ። ሐይቁ ጠዋት ረግቶ ያረፍድና ከሰዓት በኋላ ነፋስ ሲነሳ ይናወጣል፤ በደንገል ታንኳ የሚቀዝፍ ሰው ማልዶ የሚወጣው ለዚህ ነው። አባባሉ ከሐይቁ ወጣ ማለታችን አይደለም። እዚህ ሲነገር ግን ሰሚው የሚያስበው ያንን ውሃ ነው።

አባባሉ አንድ ነገር በትክክል አይቷል። እብደት ቀኑን ሙሉ መጮህና ልብስ መጣል አይደለም። ስኪዞፍሬኒያ የሚባለው ጽኑ የአእምሮ ሕመም ያለበት ሰው ሒሳብ ያወራርዳል፣ የለቅሶ ደንብ ያውቃል፣ እንግዳ ይቀበላል፤ አንዲት ነገር ላይ ሲደርስ ብቻ «ጎረቤቶቼ በግድግዳው በኩል ሐሳቤን ይሰማሉ» ይላል። ሐኪሞች ዴሉዥን የሚሉት ይህንን ነው፤ ማስረጃ የማያናውጠው፣ የራሱ ማኅበረሰብም የማይጋራው የተሳሳተ ጽኑ እምነት። የመጨረሻዋ ሐረግ ወሳኝ ናት። «ቡዳ በልቶኛል» ማለት ብቻውን በሽታ አይደለም፣ ብዙ ሰው የሚጋራው እምነት ነውና። «ቡዳዎቹ ስልኬ ውስጥ ካሜራ ቀብረው ይበሉኛል» ሲል ግን በቡዳ የምታምን እናቱ ራሷ «ይኼስ ሌላ ነው» ትላለች። የእናቲቱ ጆሮ ጥሩ መመዘኛ ነው። ሰርቫንቴስ እ.ኤ.አ. በ1605 የመጀመሪያውን ክፍል ያሳተመው የዶን ኪሆቴ ታሪክም ይህን በደንብ ያውቀዋል፦ ሽማግሌው የፈረሰኛ ጀብዱ ካልተነሳበት በቀር ንግግሩ የአዋቂ ነው፣ የሚያገኙትም ሰዎች የሚገረሙት በዚህ ነው።

አባባሉ ያላየው ርጋታው ከየት እንደመጣ ነው። እንደ ሪስፐሪዶን፣ ሃሎፔሪዶልና ኦላንዛፒን ያሉ የዚህ ሕመም መድኃኒቶች ሲጀመሩ መጀመሪያ የሚመለሰው እንቅልፍ ነው፣ ሁከቱም በቀናት ውስጥ ይበርዳል። ጥርጣሬው እየሳሳ ለመሄድ ግን ብዙ ጊዜ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይፈልጋል። አንዳንዱ ቤተሰብ በሁለተኛው ሳምንት «አልሠራለትም» ብሎ ያቋርጣል፣ ሌላው በሦስተኛው ወር «ድኗል» ብሎ። የከፋው ሁለተኛው ነው፣ ምክንያቱም ክኒኑ በቆመ ማግስት ምንም አይሆንም። ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት በሰላም ያልፋሉ። ስለዚህ ሕመሙ ሲመለስ ከቆመው ክኒን ጋር የሚያያይዘው ሰው የለም፤ «እብድ ቢጨምት…» ይባልና ያበቃል። በየ2 እስከ 4 ሳምንቱ የሚሰጠው የፍሉፌናዚን መርፌም እንዲሁ ነው። ከሰውነት የሚወጣው ቀስ እያለ ስለሆነ አንድ ቀጠሮ ያለፈው ሰው ደህና መስሎ ይቆያል።

የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ የታመመ ሰው ምልክቶቹ ከጠፉ በኋላም ቢያንስ 12 ወር መድኃኒቱን እንዲቀጥል ይመክራል። እ.ኤ.አ. በ1999 የታተመ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ የታመሙ ሰዎችን የተከታተለ የአሜሪካ ጥናት መድኃኒት ማቋረጥ የማገርሸትን አደጋ ወደ አምስት እጥፍ እንደሚያሳድግ አሳይቷል። መቼ እንደሚቀነስና መቼ እንደሚቆም የሚወሰነው ከሐኪሙ ጋር፣ ደረጃ በደረጃ ነው።

ሰው መድኃኒት የሚያቆመው በሞኝነት አይደለም። ሃሎፔሪዶል በጀመረ በመጀመሪያዎቹ ቀናት፣ በተለይ ወጣት ወንድ ላይ፣ አንገት ወደ ጎን ሊጠመዘዝ፣ ዓይን ወደ ላይ ሊሰቀል፣ ምላስ ሊተሳሰር ይችላል። እናት ይህን አይታ «መንፈሱ ተነሳበት» ብትል አይፈረድባትም። ነገሩ ግን የጡንቻ መኮማተር ነው፤ ጤና ተቋም ሲደርስ ማፍታቻው በመርፌ ይሰጠዋል፣ ብዙውን ጊዜም ቶሎ ይለቀዋል። ሌላው አታላይ ምልክት መቁነጥነጥ ነው። እግሩ አያርፍም፣ ይቀመጣል፣ ይነሳል፣ በረንዳውን ይመላለሳል። ለሐኪሙ «ባሰበት» ከተባለ መጠኑ ይጨመርለትና መቁነጥነጡ ይብሳል። «መቀመጥ አቃተው፣ የጀመረውም ከመድኃኒቱ በኋላ ነው» ማለት ያስፈልጋል። ክሎርፕሮማዚን የተባለውን ሌላ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ቆዳው ለፀሐይ ስስ ስለሚሆን ለባሕር ዳር ቀትር ባርኔጣና ረጅም እጅጌ ይፈልጋል።

በዚሁ ሕመም የኖረውን የሒሳብ ሊቅ የጆን ናሽን ሕይወት መነሻ አድርጎ እ.ኤ.አ. በ2001 የወጣው ፊልም እዚህ ላይ ይነሳል። ፊልሙ ናሽ የሌሉ ሰዎችን በዓይኑ ሲያይ ያሳያል፤ እውነተኛው ናሽ ግን ድምፅ ነበር የሚሰማው። በፊልሙ አዳዲስ መድኃኒቶች እየወሰደ እንደሆነ ይናገራል፤ እውነተኛው ናሽ እ.ኤ.አ. ከ1970 ወዲህ መድኃኒት አልወሰደም፣ እ.ኤ.አ. በ1994 የኖቤል ሽልማት የተቀበለውም ያለ መድኃኒት ቀስ በቀስ አገግሞ ነው። ይህን እውነት መደበቅ አያስፈልግም። እንደ እርሱ ያገገሙ አሉ፤ ከመካከላችን ማን እንደዚያ እንደሚሆን አስቀድሞ የሚለይበት መንገድ ግን የለም፣ መመሪያው የሚጠነቀቀውም ለዚህ ነው።

ጠበሉን በተመለከተ፣ ጉዳቱ ጠበሉ ሳይሆን «ጠበልና መድኃኒት አይደባለቅም» የሚለው ወሬ ነው። አቡነ ጳውሎስ በፓትርያርክነታቸው ዘመን የኤች አይ ቪ መድኃኒትን ከጠበል ጋር መውሰድ እንደሚቻል በይፋ ተናግረው ነበር፤ ለዚህኛውም ሕመም ክኒኑን ይዞ መጠመቅ ይቻላል። ጫት ግን ሌላ ነገር ነው። በባሕር ዳር ዙሪያ በሰፊው ይመረታል፣ የሚቃመውም ከምሳ በኋላ ነው፤ በውስጡ ያለው ካቲኖን ጥርጣሬን ያነሳሳል፣ እንቅልፍንም ይነሳል። ጠዋት ደህና የነበረ ልጅ ማታ የሚለወጥበት እኩለ ቀን አንዳንድ ጊዜ ይኸው ነው።

አባባሉ ከሁሉ በላይ የሚጎዳው የዳነውን ሰው ነው። ወንድሞቹ ሳያማክሩት የአባታቸውን መሬት ሲያከራዩ ድምፁን ከፍ ያደርጋል፤ «ጀመረው» ይላሉ። የዳነ ሰው መቆጣት እንኳ ይከለከላል። ንዴትን ከማገርሸት መለየት ይቻላል፦ ንዴት ምክንያቱ ይታወቃል፣ ሲመሽም ይበርዳል። ማገርሸት ግን ብዙ ጊዜ በዝምታ ነው የሚመጣው። ሁለት ሦስት ሌሊት እንቅልፍ ያጣል፣ ምግቡን ለብቻው ይለያል፣ ሬዲዮ ያጠፋል፣ መስኮት ይሸፍናል፣ ክኒኑን ምላሱ ሥር ደብቆ ይተፋል። «ውሃው ተመርዟል» ካለ መከራከርም «አዎ» ማለትም አይረዳም። «እንደፈራህ ይገባኛል፣ እኔ ግን መርዝ አላየሁም፤ ከአንዱ ጆግ እኔ ልቅመስልህ» ይባላል፣ የቀጠሮውም ቀን እንዲቀርብ ይደረጋል።

በአባባሉ ሊለካ የማይገባ እብደትም አለ። ከክረምቱ በኋላ፣ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ፣ ጣና ዳር ወባ ይበረታል። ትናንት ደህና የነበረ ሰው በትኩሳት ድንገት ቢቀባጥር፣ ሰው መለየት ቢያቅተው፣ የሌለ ነገር ቢያይ የአንጎል ወባ ሊሆን ስለሚችል ደሙ በዚያው ሰዓት መታየት አለበት። የአእምሮ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ትኩሳት ይዞት ሰውነቱ እንደ እንጨት ቢደርቅም እንዲሁ፣ የሚወስደውን ክኒን ከነማሸጊያው ይዞ ወደ ፈለገ ሕይወት ወይም ወደ ጥበበ ጊዮን ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል፣ ሌሊትም ቢሆን።