የካሬል አፔል ሥዕሎች

ካሬል አፔል እ.ኤ.አ. በ1921 በአምስተርዳም ተወልዶ በ2006 በዙሪክ ያረፈ ሆላንዳዊ ሠዓሊና ቀራጺ ነው። አባቱ ፀጉር አስተካካይ ነበሩ፤ ቤተሰቡም ልጁ ሠዓሊ እንዲሆን አልፈለገም። እሱ ግን በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዓመታት በከተማዋ የሥነ ጥበብ አካዳሚ ገብቶ ተማረ። ጦርነቱ ካበቃ በኋላ ደግሞ በአካዳሚ የቀሰመውን ሥርዓት ወደ ጎን ትቶ ወፎችን፣ ድመቶችን፣ ምንነታቸው በውል የማይለይ አውሬዎችንና ዓይናቸው የፈጠጠ ልጆችን በደማቅ ቀለም መሣል ያዘ።

በዚህ መንገድ የሄደው ብቻውን አልነበረም። ኅዳር ወር 1948 ከዴንማርክ፣ ከቤልጂየምና ከሆላንድ የመጡ ስድስት ሠዓሊዎችና ጸሐፊዎች በፓሪስ አንድ ካፌ ተሰብስበው ማኅበር መሠረቱ፤ ስሙንም ከኮፐንሃገን፣ ከብራስልስና ከአምስተርዳም መነሻ ፊደላት ወስደው «ኮብራ» አሉት። አፔል፣ ኮንስታንት፣ ኮርኔይና ዴንማርካዊው አስገር ዮርን ከመሥራቾቹ መካከል ነበሩ። ጦርነቱን ያየ ትውልድ ስለነበሩ፣ የተማረው አውሮፓ ያወረሳቸውን የሥዕል ደንብ ማመን አቅቷቸው፣ ደንብ ያልገራውን እጅ በሕፃናት ሥዕልና በሕዝብ ጥበብ ውስጥ ፈለጉት። ማኅበሩ በ1951 ቢፈርስም የአፔልን አሣሣል ለዘለቄታው ቀርጾት አልፏል።

በኮብራ ዘመን የሣላቸው ሥዕሎች ቅርጻቸው ቀላል፣ ዙሪያቸውም በጥቁር መስመር የተከበበ ነው። ለንደን በቴት ሙዚየም ስብስብ ውስጥ የሚገኘው የ1949 የዘይት ቀለም ሥዕሉ «ሂፕ ሂፕ ሁራ» ከፊል ሰው ከፊል እንስሳ የሆኑ ፍጡራንን በጨለማ መደብ ላይ እንደ በዓል ቀን አሰልፎ ያሳያል። በ1950ዎቹ ግን መስመሩ እየቀለጠ ሄዶ ቀለሙ ራሱ የሥዕሉ አካል ሆነ። አፔል ቀለሙን ከቱቦው በቀጥታ ሸራው ላይ እየጨመቀ፣ በቢላ እየጠፈጠፈ፣ አንዱ ሳይደርቅ ሌላውን ይደርብበት ነበር። ወፍራም የዘይት ቀለም ላዩ ቆዳ ካበጀ በኋላም ውስጡ ለረጅም ጊዜ እርጥብ ስለሚሆን፣ ቀለማቱ እዚያው ሸራው ላይ ይዋሐዳሉ፤ ፊት ወይም ወፍ የሚመስለው ነገርም ከዚህ ጭቃ መሰል ክምር ብቅ ይላል። እነዚህን ሥዕሎች በመጽሐፍ ላይ ብቻ ያየ ሰው ግማሹን አላየም ማለት ይቻላል፤ የቀለሙ ጉብታ የሚጥለው ጥላ በኅትመት ላይ ይጠፋልና።

የአፔልን ጨዋታ እንደ ልጆች መጽሐፍ ማስዋቢያ የሚያዩት ሰዎች ከሁሉ በፊት «ጠያቂ ልጆች» የተባለውን ሥራውን ቢመለከቱ ይሻላቸዋል። መነሻው ከጦርነቱ በኋላ በጀርመን በባቡር ሲያልፍ ያያቸው ለማኝ ሕፃናት ናቸው፤ በሆላንድኛም «መጠየቅ» የሚለው ቃል «መለመን» ጭምር ማለት ነው። በ1949 ይህንኑ ሐሳብ በአምስተርዳም ከተማ አስተዳደር መመገቢያ አዳራሽ ግድግዳ ላይ ሣለው። በየቀኑ ምሳቸውን የሚበሉት ሠራተኞች ግን፣ ትልልቅ ዓይን ያላቸው ልጆች ፊት ለፊታቸው መቆማቸውን አልወደዱትም፤ ቅሬታው በርትቶም ሥዕሉ ለአሥር ዓመት ያህል ተሸፍኖ ቆየ። ሕንፃው ዛሬ ሆቴል ሲሆን፣ ልጆቹም ተገልጠው እዚያው ግድግዳቸው ላይ ይገኛሉ።